የወንድ ስም የሌለበት የክሊኒክ መዝገብ

ነቀምቴ፣ ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ገብረክርስቶስ፣
ከገበያው በላይ ላለው ክሊኒክ ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ጉልበቴና ዓይኔ ከመድከማቸው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እርስዎንም ከነቤተሰብዎ፣ በክሊኒክዎ ደጃፍ ከሚሰለፈው ሕመም ሁሉ እንዲጠብቅዎ እጸልያለሁ።

በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፉትን፣ «በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው የቫይረስ ቁስል በታካሚዎቻችን ላይ የሚበዛበት ምክንያት» የሚለውን ጥናት መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኔን ያስተማሩኝ የሚሲዮን መምህራን ግማሹን ሥራ ትቼ ስቀርብ እጄን በማስመሪያ ይመቱኝ ነበር፤ እርስዎ እንዲህ ያለ መምህር ስላልገጠመዎ እንኳን ደስ ያለዎ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስልሳ አንድ ታካሚዎች ጠይቀው ስልሳ አንዱም ሴቶች መሆናቸውን ስላስታወቁን አመሰግናለሁ። ለበሽታው ያጋልጣሉ ብለው የዘረዘሯቸው ምክንያቶችም፣ ከተማ መኖር፣ ጠላ መሸጥ፣ ገበያ ማዘውተርና «የጠባይ መላላት»፣ ሁሉም ቀሚስ የለበሱ ናቸው። ቁስሉ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ራስዎ ጽፈዋል፤ ከማን እንደመጣ ለመጠየቅ ግን ጨዋነትዎ አልፈቀደም።

፪ኛ፤ ወንዶች በጓሮ በር ገብተው፣ ካርድ ሳይወጣላቸውና ስማቸው ሳይጻፍ መድኃኒታቸውን ተቀብለው እንዲሄዱ አድርገዋል። ስለዚህ በመዝገብዎ መሠረት ከነቀምቴ እስከ ጊዳ አያና አንድም የታመመ ወንድ የለም። ሴቶቹን ግን ጸሐፊዎ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ዳዲ ነገራ! አንቺ ባለ ቁስሏ! የት ገባሽ?» እያለ ይጠራል። ከወረፋው መካከል አንዲት የሲሬ ሴት፣ «አንተ፣ እናትህንም እንዲህ ነው የምትጠራት?» ስላለችው እሷንም በዚሁ አመሰግናለሁ።

፫ኛ፤ ዳዲ የወንድሜ ልጅ ናት። እናቷ ስለሞተችባት ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አዳዳ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ ትለኛለች። ፊደል አስቆጥሬ፣ ስፌት አስተምሬ ለአቶ ደረሳ ዳርኋት፤ ከእርሱ በቀር ወንድ አታውቅም። አቶ ደረሳ የመንግሥት ጸሐፊ ሲሆን ለሥራ ሲሬና ጊዳ አያና እየወጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሰነብታል። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በሱሪውና በሸሚዙ ጫፍ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ታገኝ ነበር። የማኅተም ቀለም መስሏት፣ «የመሥሪያ ቤት ሰው ልብስ መቼም አይጠራ» እያለች በሳሙና ስታሽ ከረመች። በጥር ወር እሷም ታመመችና እናንተ ዘንድ መጣች፤ የተሰጣት መድኃኒት ያው ሐምራዊ ቀለም ነበረ። ጠርሙሱን አምጥታ ከባሏ ሸሚዝ ጎን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ስንቱን ያስተማርኋት ልጅ፣ በሽታ ከባልም እንደሚመጣ ብቻ ሳልነግራት ቀረሁ። ስሟን እዚህ የጻፍሁት በፈቃዷ ነው፤ በመስኮት ከተጠራ በኋላ የሚደበቅ ስም የለም።

፬ኛ፤ ባል ይኑራት አይኑራት ሳትጠየቅ በካርዷ ላይ «ጠባይ፦ የላላ» ተብሎ ተጽፏል። ግልባጩንም ለባሏ በፍጥነት ስለሰጡት ትጋትዎን አደንቃለሁ። እርሱም ፍቺ ጠይቆ ወረቀቱን ለዘመድ ዳኞች አቅርቧል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር፣ ከእናቱ እንዳይለይ ሕጉ ያዝዛል። ልጃቸው ድርቤ ገና አንድ ዓመት ከሦስት ወሯ ነው። ከባዱን ምክንያት በሁለት ቃላት ያዘጋጁለት እርስዎ ነዎት።

ዳኞቹ ቅዳሜ ይቀመጣሉ። እስከዚያ የዳዲን ካርድ እንዲያርሙ፣ ለአቶ ደረሳም ካርድ አውጥተው ያንኑ በሽታ እንዲጽፉለት በትሕትና እለምናለሁ። በጥናትዎም ላይ የተረሳ አንድ ምክንያት ቢጨምሩ መልካም ነው፤ እርሱም ባል ማግባት ነው።

የወንድን ምስጢር ጠብቆ የሴትን ገመና ለአደባባይ የሚያበረክተው መሥሪያ ቤትዎ የሚገባውን ክብር እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ደካማ እጄ እስከቻለ ድረስ የምጽፍልዎ አክባሪዎ፣

ሎሚ ታፋ
ጡረታ የወጣች አስተማሪ

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ሳልልከው ዳኞቹ ቀኑን አስቀድመው ትናንት ተቀመጡ። ድርቤ ለአባቷ ተሰጠች። እንግዲህ ካርዱን ለማረም አይቸኩሉ። አባትየው ለመድኃኒቱ ሲመጣ ግን፣ ልጅቷ ገና ጡት እንዳልጣለች ይንገሩልኝ፤ እኛን አልሰማንም።