በእማማ ወርቄ ግድግዳ ላይ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1976። ማታ 1 ሰዓት

ሰባተኛዋ አደይ አበባ ተቀደደችብኝ። ምላጩ ደንዝዟል። አዲስ ምላጭ ብጠይቅ ባለሱቁ ሳቀብኝ። አሮጌውን በብርጭቆ ውስጥ አሽቼ ሳልኩት፤ ትንሽ ይሻላል።

የእንቁጣጣሽ ካርድ ነው። የመ/ቤት ሰዎች አዘውኛል፤ ታይፒስቷ ካርድ ትሠራለች ተብሎ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተወርቷል። የብስኩት ካርቶን ላይ አበባ እስላለሁ፣ በምላጭ እፈለፍላለሁ፣ ፍልፍሉን ወረቀት ላይ አስቀምጬ በስፖንጅ ቀለም መታ መታ። ካርቶኑ ሲነሳ አበባዋ ቀርታለች። ቀለም ከበዛ ግን ከሥር ሾልኮ ይጨማለቃል። ትዕግስት ይጠይቃል። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ያለኝ ስሙ ብቻ ነው።

እማዬ ጠረጴዛዋን ስላቆሸሽኩባት ታጉረመርማለች። ጾም ነው፣ ፍልሰታ። እኔ አልጾምም፤ ጴንጤ ከሆንኩ አራት ዓመቴ። ስለዚህ ነገር አትናገረኝም፤ የድስቱን ክዳን ግን ከወትሮው ጮክ አድርጋ ትከድናለች።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 12። ከሰዓት

ቀበሌ ተጠራሁ። ፈራሁ። የጸሎት ቤታችንን ከዘጉ ወዲህ ጥሪ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነኝ። ለካስ ለሥራ ነው፤ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መፈክር ጻፊ ተባልኩ። ሃያ ትልልቅ ነጭ ወረቀት፣ ቀይና ጥቁር ቀለም ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ካየሁ ስንት ጊዜዬ! አሸተትኩት።

ሊ/መንበሩ ድሮ ወሰን ጋራዥ መካኒክ ነበር። ጥፍሩ ዛሬም ጥቁር ነው። የካርዴን ናሙና አገላብጦ አየና እጅሽ ይባረክ አለ። ከዚያ ደንገጥ አለና ጓድ ትዕግስት፣ ጥሩ ሥራ ነው ብሎ አስተካከለው።

ደስ አለኝ። ይኸን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 15። ማታ

አንዱን አበላሸሁ። መፈክሩ እኩል ላይ ሲደርስ ቀዩ ቀለም ከሥር ሾለከ። ፊደሎቹ አበጡ፣ እርስ በርስ ተያያዙ። ችኮላዬ ነው። ወረቀቱን ፍራሼ ሥር ከተትኩት።

የቀረውን ስወስድለት ሊ/መንበሩ ሰው ሰብስቦ አሳየ። እዩ፣ አንድም አልተበላሸም አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንዱ ተበላሽቷል ማለት አፈርኩ። የተሰጠኝ አሥራ ዘጠኝ ነበር አልኩ። ማንም አልቆጠረም። ነገሩ እዚያው አበቃ። ትንሽ ውሸት ናት።

እሑድ፣ ነሐሴ 20። ምሳ ሰዓት

ጸሎት ጎረቤታችን እማማ ወርቄ ዘንድ፣ ከየካ ሚካኤል ጀርባ። ዛሬ አራት ሴቶች ነን። ሬዲዮው ይጮሃል፣ እኛ በሹክሹክታ እንዘምራለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ድምፃችንን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን። እንጦጦ ከነጭራሹ አይታይም፤ ጉሙ እስከ ደጃፋቸው ወርዷል።

እማማ ወርቄ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል። ዓይናቸው ግን ደከመ። የካርዴን ነገር ሰምተው ኖሯል፣ እጄን ይዘው ለመኑኝ። ከአልጋዬ ሆኜ የማነበው አንድ ነገር ጻፊልኝ ልጄ፣ ፊደሉ ይተልቅ አሉ። ምን ይሁን? አልኳቸው። ጌታ ከእኔ ጋር ነው፤ ሌላ አልፈልግም አሉ።

ትልቅ ወረቀት ከየት ይመጣል ስል ፍራሼ ትዝ አለኝ። ጀርባው ንጹሕ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 23። ማታ

አለቀ። ፊደሎቹን አዲስ ፈለፈልኩ፣ ከመፈክሩ የተለቁ፣ ወፈር ያሉ። ዙሪያውን አደይ አበባ። ቀለሙን ቆጥቤ፣ እጄን አረጋግቼ። አንዲት ጠብታ አልሾለከችም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ከሥራ ስወጣ ወሰድኩላቸው፤ ከአልጋቸው ትይዩ በአራት ሚስማር መታሁት። ጀርባውን ሌላ ወረቀት ላለብሰው አስቤ ነበር። መሸ፣ ቸኮልኩ፣ ማን ያየዋል አልኩ። እማማ ወርቄ ጋደም ብለው በጣታቸው አየር ላይ እየተከተሉ አነበቡ። ጌ፣ ታ። እንደ ሕፃን ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 27

እማማ ወርቄን ወሰዷቸው።

ለበዓሉ ቤትና አጥር ኖራ ይቀባ ተብሎ ትናንት ቤት ለቤት ሲያዩ ነበር። ገቡ፣ ጽሑፉን አዩ። ጥቅስ ብቻ ቢሆን ምናልባት ተቆጥተው ይተዉት ነበር። ሲነቅሉት ጀርባው ተገለበጠ። የእኔ መፈክር፣ ያበጠው፣ የተጨማለቀው። በአብዮቱ መቀለድ ነው ተባለ።

እማማ ወርቄ ማን ሠራው ሲባሉ እኔ ነኝ አሉ አሉ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 28። ቀትር

ጻፊው፣ ትዕግስት። እንዳለ ጻፊው።

ከመ/ቤት አስጠሩኝ። ወረቀቱ የሊ/መንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። መፈክሩ ያንቺ እጅ ነው? አዎ። እንዴት እዚያ ደረሰ? አበላሽቼ ቆሻሻ ላይ ጣልኩት፣ አንስተውት ይሆናል አልኩ። ጠይቆኝ እንኳ እስኪጨርስ አልቆየሁም፤ ውሸቱ አፌ ላይ ነበር። ገለበጠው። ይኸኛውስ? አላውቅም።

ከዚያ እማማ ወርቄን አስገቡ። ነጠላቸውን ኖራ ነክቶታል። ሰላም አላሉኝም፤ እንደማያውቁኝ አለፉኝ። ሊ/መንበሩ አልጮኸም። ወንበር ሰጣቸው። ካርቶን፣ ምላጭ፣ ስፖንጅ አስመጣ። እማማ፣ እርስዎ ከሠሩት እስኪ አንዲት አበባ ይሥሩልን አለ። እኔን ደግሞ ቀለሙን ያዥላቸው አለኝ።

ያዝኩላቸው።

ምላጩን በየት በኩል እንደሚይዙት አያውቁም። ጣታቸውን ቆረጡ። ካርቶኑን ቀደዱ። ስፖንጁን ነከሩ፣ አብዝተው ነከሩ፣ ወረቀቱ ላይ ጫኑ። ቀይ ውኃ ሆነ። ዘበኞቹ ሳቁ። እማማ ወርቄ ያንን ጭቅቅት አይተው፣ ዛሬ እጄ ደክሞ ነው እንጂ እኔ ነኝ የሠራሁት አሉ።

እኔ ብልቃጡን ይዤ ቆሜያለሁ። አንድ ክንድ እንኳ አይርቁኝም።

ሊ/መንበሩ የሠራውን ሰው እስኪናገሩ ይቆያሉ አለ። ካልተናገሩ ጳጉሜ 3 ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛ እስር ቤት ይተላለፋሉ። እዚያ የገባ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ እሳቸው ደግሞ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስወጣ ሊ/መንበሩ ጥሩ ባለሙያ ነሽ፣ ለበዓሉ የምስክር ወረቀት አዘጋጅተንልሻል፣ ቅዳሜ በስብሰባው ላይ ትቀበያለሽ አለኝ። አመሰገንኩት። አመሰገንኩት!

ረቡዕ፣ ነሐሴ 30። ከሥራ መልስ

ስንቅ ወሰድኩ። ዘበኛው አወቀኝ፤ የመፈክሯ ልጅ ብሎ አሳለፈኝ። እማማ ወርቄ የቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፈው። ያሳልሳቸዋል። ጣታቸውን በጨርቅ ጠምጥመውታል።

ልናገር ነው የመጣሁት። አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደሙኝ። አንቺ ገና ወጣት ነሽ ልጄ፣ እኔ ምን ቀረኝ፣ ዝም በይ አሉኝ።

እፎይ አልኩ። ደብተሬ፣ ይኸን ለሰው አልናገርም፤ አንቺ እወቂው። አዘንኩ፣ ተቃጠልኩ ብል ውሸት ነው። ሸክም እንደወረደለት ሰው እፎይ አልኩ፤ ከደጃቸው ወጥቼ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቀለል ብሎኝ ሄድኩ። አስፋልቱን ስሻገር ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ሐሙስ፣ ጳጉሜ 1። ማታ 2 ሰዓት

ካርዶቹን ልጨርስ ተቀመጥኩ። አልሆነም። አበባዋን ባየሁ ቁጥር ያ ቀይ ጭቅቅት ይታየኛል።

እማዬም ለካስ ስንቅ ታመላልሳለች! ዛሬ ነው ያወቅሁት። በሃይማኖት ነገር ከወርቄ ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው ስል፣ የሃያ ዓመት ጎረቤት፣ የአንድ እድር ሰው። እራት ላይ፣ ሽሮውን እያወጣች፣ ወርቄ ስሟን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት የሚፈጅባት ሴት ነች፣ ይኸ ሰውዬ ዕውር ነው እንዴ አለች። ከዚያ እጄን አየች። ቀዩ ቀለም ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም። ብዙ አየችው።

ጥፍርሽን ታጠቢ አለች። ክዳኑን በቀስታ ከደነችው። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ምን ነበር።

ዓርብ፣ ጳጉሜ 2። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

አልተኛሁም። ለእማዬ ነገርኳት፣ ሁሉንም። አሥራ ዘጠኝ ብዬ መዋሸቴን፣ ቆሻሻ ላይ ጣልኩት ማለቴን፣ ብልቃጡን መያዜን፣ እፎይ ማለቴንም። ሳልጨርስ ተነሳች። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ጋቢዋን ከሣጥን አውጥታ አጠፈች፣ ቆሎ በጨርቅ ቋጠረች። ሲሚንቶው ይበርዳል አለች።

ምናልባት ምንም አያደርጉኝም። ምናልባት መፈክር የሚጽፍላቸው ሰው ይፈልጋሉ። እንደዚያም ብዬ ራሴን ሳጽናና ያዝኩት፤ አሁንም ቅናሽ እየፈለግሁ ነው። ነገ በስብሰባው ላይ፣ የምስክር ወረቀቱን ሲሰጡኝ፣ በሕዝብ ፊት ልናገር ብዬም አስቤ ነበር። እሱ ደግሞ ጀግና መባል ነው። አይሆንም። እማማ ወርቄ ሌላ ሌሊት በዚያ ብርድ አያድሩም።

ሊ/መንበሩ 2 ሰዓት ይገባል። ሰው ሳይሰበሰብ እደርሳለሁ። እማዬን አትምጪ አልኳት፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጋቢውን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። እፈራለሁ፣ በጣም። መንገድ ላይ እንዳላሳምረው፣ የምለውን እዚህ ልጻፈው፦ ጽሑፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አልጣልኩትም፣ ደብቄ ወሰድኩት። እማማ ወርቄ ምላጭ ሲይዙና ጣታቸው ሲቆረጥ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቀለሙን ያዝኩላቸው።