ስንጥቁ የጠጣው ውሃ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣ ለወይዘሮ አሰለፈች፣

እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ያ ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝዎ ጉልበትስ ተሻለው ወይ? ፍልሰታን በደኅና ፈጸሙ? እኔ ልጅዎ ሙሉአለም ከናፍቆትዎ በቀር አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ማለቴ ግን እንደ ልማዱ ነው እንጂ፣ የቀናው ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የሚያነብልዎ ቀናው ስለሆነ አስቀድሜ ለእርሱ አደራ እላለሁ። ወንድሜ ሆይ፣ የማይጥምህን መስመር መዝለል እንደምትወድ አውቅሃለሁ፤ ዳዊት ስትደግም እንኳ ረጅም ረጅሙን እየዘለልህ መምሬ ሳህሌን ታታልላቸው ነበር። ይህን ግን አንዲት ቃል ሳታስቀር አንብብላቸው። የምቆጣው አንተንም ነውና ቻለው።

እዚህ አቃቂ ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ዝናቡ ፋታ አልሰጠንም። ወንዙ ሞልቶ በዳርቻው ያሉትን ጓሮዎች ሁሉ ውጧቸዋል። የተከራየሁት ቤት ደጃፍ ድረስ ስለመጣ አልጋዬን በድንጋይ ከፍ አድርጌ ነው የምተኛው። የቤቱ ባለቤት እማማ ዳሲቱ ዶሮዎቻቸውን እኔ ክፍል አስገብተው፣ ብቻውን ከሚያወራ ከእነሱ ጋር ያውራ እያሉ ለጎረቤት ይቀልዱብኛል። እውነታቸውን ነው። ብቻዬን ማውራት ጀምሬአለሁ።

ሥራዬን ያውቁታል። ክረምት ሲገባ ለእያንዳንዳችን የሐዲድ ድርሻ ይሰጠናል፤ ጠዋት ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ድርሻችንን በእግር እየሄድን ጎርፉ ጠጠሩን ጠርጎት እንደሆነ፣ ከላይ ያለው አፈር ተሰንጥቆ እንደሆነ እናያለን። የእኔ ድርሻ ሰው የማይገኝበት ጭር ያለ ሜዳና ቁልቁለት ነው። እዚያ ስሄድ አባባን አስባለሁ። መርዶው በተነገረኝ ጊዜ እማማ ዳሲቱና ጎረቤቶቹ አብረውኝ ተቀምጠው አልቅሰውልኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ከመካከላቸው አባባን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። አባትህ እንዲህ ሲሉ ትዝ ይልሃል ወይ የሚለኝ አጥቼ ሐዘኔ በሆዴ ቀረ። እናቴ፣ ብቸኝነት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀናው በደብዳቤው የበሬውን መታመም፣ የሚስቱን የመሰለችን በሰላም መገላገል ከጻፈ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አድርጎ ከቤታችን በላይ ያለው ግጦሽ እንደተሰነጠቀ፣ ፍየሏም እግሯን ከስንጥቁ ከትታ በስንት መከራ እንዳወጧት ይነግረኛል። ምንጩ ደፍርሷል፤ የቤቱም በር አልዘጋ ብሏል ይላል። ከዚያ ደግሞ፣ ዘንድሮ እግዚአብሔር ረድቶን ጎርፍ ግቢያችን አልገባም፣ ስንጥቁ ይጠጣልናል፣ እኔም የላይኛውን ቦይ ወደ እርሱ መልሼዋለሁ ብሎ በደስታ ይጨርሳል። ይህን መስመር መልሼ መላልሼ አነበብሁት።

ወንድሜ፣ ያ ውሃ የጠፋ አይምሰልህ። ከእግራችሁ በታች ገብቶ ተኝቷል። ዐምና ከጣቢያው ወዲያ ካለው ቁልቁለት ላይ እኛም እንዲሁ ያለ ስንጥቅ አግኝተን ነበር። ጎርፉን ስለዋጠልን ሐዲዱ ደረቅ ዋለና ተመስገን አልን። ካቦአችን አቶ ኩምሳ ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ውሃውን ወደ ሌላ የሚመልስ ቦይ እንድንቆፍር አዘዙ። ቆፍረን ሳንጨርስ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ተረተሩ ከነባሕር ዛፉ ቁልቁል ተንሸራተተ። ዛፎቹ እንደቆሙ ነበር የወረዱት። ሐዲዱ ከሥሩ አፈር አጥቶ ተንጠልጥሎ ቀረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን በዓይኔ አየሁት። ስለዚህ ዝናቡ ቆሟል ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

እናቴ፣ በሩ አልዘጋ ያለው እንጨቱ ርሶ ነው ብለው ቀናውን አስጠርበውታል አሉ። እንጨቱ ምንም አልሆነም። የዘመመው ቤቱ ነው።

ለምን ከዚያ እንደማይወጡ አውቃለሁ። የአባባን አርባ በፍትሐት ብቻ አሳልፈው ተዝካሩን ለእኔ መምጫ አቆይተውታል። በአገራችን የተዝካሩን ዳስ የመጀመሪያ ባላ የሚተክል የበኩር ልጅ ነውና፣ ሙሉአለም መጥቶ ባላውን በዚህ ደጅ እስኪተክል ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም ብለው በመስቀሉ ፊት ቃል መግባትዎን ሰምቻለሁ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽዎትም። እዚህ ማንም የማይጠብቀኝ ሰውዬ፣ እዚያ የሚጠብቀኝ ባላና ደጅ አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። አሁን ግን እርስዎን ከዚያ ስንጥቅ ሥር ያሰረዎት ሌላ ማንም ሳይሆን እኔ መሆኔ ገባኝ።

ልመጣ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። አቶ ኩምሳም እስከ አለቆቹ ድረስ ሄደው ለምነውልኛል። ነገር ግን መስመሩ በየቦታው ስለተጎዳ ክረምቱ ሳይወጣ ማንም አይሄድም ተባለ። ጥዬ ብመጣ ደግሞ ድርሻዬን የሚያይ ሰው የለም፤ ባቡሩ ሰው ጭኖ ያልፍበታል። አባባ ቢኖሩ ኖሮ፣ የሰው ነፍስ ጥለህ ወደ እኔ አትምጣ ይሉኝ ነበር።

ስለዚህ እናቴ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ አይጠብቁኝ። ተዝካሩ ከስንጥቁ ርቆ ባለው በላይኛው ሜዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይውጣ። የመጀመሪያውን ባላ ቀናው ይትከል። ብኩርናዬን ሰጥቼዋለሁ፤ እንደ ዔሳው የምስር ወጥም አልጠይቅበትም። ሲተክል ግን ቀስ ብሎ ይትከል፣ ስሜንም ይጥራልኝ። እኔ በዚያ ቀን ሳሪስ አቦ ሄጄ ዳቦ ይዤ ለነዳያን አካፍላለሁ፤ ስለ ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የአባቴን ስም እነግራቸዋለሁ። ቃልዎን እንዲፈቱልዎ ለመምሬ ሳህሌ በሌላ ወረቀት ጽፌላቸዋለሁ። የነፍስ አባት ናቸው፤ ነፍስ የሚገድል ቃል አያጸኑም።

ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርሳል፣ የትም ብሄድ አይቀርልኝም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለእርስዎ ይሁን። የመሰለች አራስ ልጅ ግን ቀኑ ገና አልደረሰም።

እዚያው በላይኛው ሜዳ እትዬ ድንቅነሽ ዘንድ ይግቡ። በዚያ በወንፊት ምክንያት ከእህትዎ ጋር መኳረፍዎን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ወንፊቱን እኔ ከዚህ ገዝቼ እልክላችኋለሁ፣ ሁለት ሁለት ይኑራችሁ። ቀናው፣ አንተ ቦዩን ከስንጥቁ ለመመለስ ብለህ እዚያ ላይ አትውጣ፤ አሁን ጊዜው አልፏል። ከብቶቹን አስቀድም፣ ከዚያ እህሉን የቻልከውን ያህል፤ ቀሪው ይቅር። ቤቱን ለማፍረስና እንጨቱን ለማትረፍ ብለህም እንዳትመለስ።

መንገዱ ሲከፈትና ዝናቡ ሲያቆም እመጣለሁ። ያን ጊዜ ቁልቁለቱን ወርጄ ደጃችን ስደርስ ማንም ብቅ ባይል፣ ምድጃውም ቀዝቅዞ ባገኘው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የምደሰትበት ቀን አይኖርም።

ቀናው፣ እዚህ ላይ ማንበብህን አቁም። ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ክተት፤ እማዬን ደግፈህ አስነሣ፣ መሰለችም ልጇን ትዘል። ዛሬውኑ ውጡ። የቀረው ሰላምታ ብቻ ነው፤ እርሱን እትዬ ድንቅነሽ ቤት ስትደርሱ ታነበዋለህ።

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ወጥታችኋል ብዬ አምኜ ነው።

እትዬ ድንቅነሽ፣ እንደምን አሉ? ቤትዎን ስላጣበብንብዎ ይቅር ይበሉን። እናቴን ከግድግዳው በኩል ያስተኙልኝ፣ ብርድ አይችሉም። መሰለች እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ልጁን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ስሙንም ጽፋችሁ ላኩልኝ። መምሬ ሳህሌ ይባርኩኝ፣ መስቀልዎን ከሩቅ ተሳልሜአለሁ። ቀናው፣ ተቆጥቼህ ከሆነ ወንድሜ ስለሆንህ ነው፤ ሌላ ወንድም የለኝም። እናቴ ሆይ፣ ጉልበትዎን ስሜአለሁ። መውጣትዎን የሚነግረኝ ሰው እስኪመጣ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ሐዲዱን ስሄድ የማየው የእናንተን መሬት ነው።

ልጅዎ ሙሉአለም

አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያ ሠፈር
ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.