ሳይታረዱ ስለሞቱት ንቦች

ይድረስ ለክቡር የምግብ ደኅንነትና የእንስሳት እንዲሁም የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤ ከሌሉም በሚመለሱበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንደ ማኅተምዎ እንዲጸና፣ እንቅልፍዎ እንደ ሁለተኛው ፎቅ ኮሪደርዎ ጸጥ ያለ እንዲሆን፣ የቀመሱትም ሁሉ እንዲስማማዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻዋን ምኞት ለምን እንደጨመርኳት ወደ ታች ዝቅ ሲሉ ይገለጥልዎታል።

እኔ ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ። ከገበያው ጀርባ፣ ከብስክሌት ጠጋኙ አጠገብ ባለች አንድ በር ሱቅ ውስጥ ጣሳ እቆርጣለሁ፣ እበይዳለሁ፣ ክዳን እገጥማለሁ። ደብዳቤ መጻፍ ሙያዬ ስላልሆነ አንዳንዱ ቃሌ ቢሻክርዎ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ ቆጥረው ጣትዎን ይጠብቁ። የምጽፍልዎ ንብ አርቢ ስለሆነችው ታላቅ እህቴ ነው፤ ሠላሳ አምስት ጣሳ ማሯ በእርስዎ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባት፣ በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በግቢዎ እንዲቃጠል በገዛ ፊርማዎ ስለተወሰነ ነው።

አቤቱታ በምስጋና ይጀመራልና አመሰግናለሁ። ከጎረቤት አገር ጋር የጋራ መስፈርት በተፈራረማችሁ ዕለት በበርዎ ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ አይተን አጨብጭበናል። «አንድ መስፈርት፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ ገበታ» ይላል። እህቴማ ከሁላችን በላይ ነው ያጨበጨበችው፤ ማሯን በየዓመቱ የሚወስድላት ከድንበር ማዶ ያለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ከእሱ ሌላ ደንበኛ የላትም፣ «እንግዲህ እዚህም እዚያም ከመመርመር ተገላገልኩ» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «አንድ ገበታ» የሚለው ቃል ያኔውኑ ሊከነክነን ይገባ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል እንደ እኛ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለው ነገር አያነብም ስላሉኝ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ቅጹ። የእንስሳት ውጤት የሆነ ሁሉ በአንድ ቅጽ እንዲስተናገድ ሁለቱ አገሮች በመስማማታቸው፣ ማር የሚመጣውም ከንብ፣ ንብም ነፍስ ያላት በመሆኗ፣ የእህቴ ማር ከበሬ ሥጋ ጋር በአንድ ወረቀት ተሳፈረ። ጥያቄው አርባ ስድስት ነው። የእንስሳው የጆሮ ቁጥር፣ የቀንዱ ሁኔታ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደበት ቀን፣ ሌላም ሌላም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው ብዬ ወረቀቱን ላስቀምጠው ስል እህቴ ተቆጣችኝ። እሷ የመንግሥት ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ መተው ከመዋሸት እኩል ይመስላታል። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ሱቅ፣ የብየዳ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን በክር አስራ፣ ሁሉንም በእውነት ሞላችው። «የእንስሳው ብዛት» በሚለው ፊት «ጠዋት እየወጡ ማታ እየገቡ ቆሜ መቁጠር አልሆነልኝም» አለች። «የጆሮ ቁጥር» በሚለው ፊት «ጆሯቸውን ፈልጌ አላገኘሁትም» አለች። «ጾታ» በሚለው ፊት ደግሞ «አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ጥቂት ናቸው፤ ሥራ የላቸውም፣ ይበላሉ» ብላ ጻፈች፤ ይህ መልስ በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ የሚገኝ ማንንም ግለሰብ ለመንካት የተሰጠ አለመሆኑን በእሷ ስም አረጋግጣለሁ። በመጨረሻም «የታረደበት ቀን» የሚል መጣ። እህቴ ብዙ አሰበች። ከዚያ «አይታረዱም፤ ቀናቸው ሲደርስ በራሳቸው ይሞታሉ» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ አስገባች።

ሁለተኛ፣ ውሳኔው። በአሥራ አንደኛው ቀን የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ምርቱ ሳይታረድ በራሱ ከሞተ እንስሳ የተገኘ መሆኑን አመልካቿ በጽሑፍ ያመኑ ስለሆነ፣ ለሰው ምግብነት እንዳይውልና በእሳት እንዲወገድ ተወስኗል።» ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላት ብስክሌት ጠጋኙ ከጎን ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። እህቴ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ምን ልበል፣ አረድኳቸው ልበል?» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ይህን ጥያቄ እርስዎ እንዲመልሱላት ነው ብዕር ያነሳሁት።

እዚህ ላይ እንዳይሳሳቱብኝ። ሞቶ የተገኘ ከብት ሥጋ ይቃጠል የሚለውን ሕግ የሚቃወም ጤነኛ ሰው የለም፤ ማር መመርመሩንም እህቴ አትጠላም። እንዲያውም ከአራት ዓመት በፊት በቀፎ ውስጥ ያለውን የንብ እጭ የሚያበሰብስ በሽታ ወደ ሰፈራችን ሲገባ፣ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳያያት፣ የተያዙትን አምስት ቀፎዎቿን ከነማራቸው ጭድ ከምራ በገዛ እጇ ያቃጠለች ሴት ናት። ያን ቀን ከእሳቱ ዳር አልነቃነቅ ብላ ዋለች፤ የጎረቤት ንብ እንዳይያዝ ብላ ነው። ስለዚህ እሳትን ከእርስዎ መማር አያስፈልጋትም። የሚያስገርመው በአርባ ስድስቱ ጥያቄ ውስጥ ስለዚያ በሽታ አንድም ጥያቄ አለመኖሩ ነው። ቀፎ ውስጥ መድኃኒት ተረጭቷል ወይ የሚልም የለም። ስኳር ተቀላቅሏል ወይ የሚልም የለም። ቀንድ ግን ሁለት ጊዜ ተጠይቋል።

ሦስተኛ፣ ናሙናው። ባለ ነጭ ጋውን ባለሙያዎ መጥተው ከሠላሳ ስምንቱ ጣሳ ሦስቱን ወሰዱ። ለምርመራ አንድ ማንኪያ አይበቃም ወይ ብዬ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለጎረቤት አገር ቤተ ሙከራ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ ነው ብለው ደረሰኝ ቆረጡልን። በደረሰኙም ላይ የጣሳዎቹን ቁጥር ጻፉ፦ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት። ይህችን ቁጥር እባክዎ ይያዙልኝ። ኋላ ውጤቱን ስንጠይቅ «ሦስቱም ናሙናዎች ከምርመራ በኋላ የሁለቱም አገር ባለሙያዎች በተገኙበት ተቃጥለዋል» የሚል ወረቀት ሰጡን። ውጤቱስ ብንል፣ የመዝገብ ቤትዋ ሠራተኛ «እሱ የሁለት አገር ምስጢር ነው አባቴ» አሉኝ። ማር ጣፋጭ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነገር የመንግሥታት ምስጢር እስኪሆን ድረስ ስለደረስንበት ዕድገት አመሰግናለሁ።

ዳቦ ጋጋሪው ማዶ ያለውን መሥሪያ ቤት ሄዶ ጠየቀልን። ናሙና የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም አሉት። የጆሮ ቁጥር የሚጠይቀው ቅጽስ ቢላቸው፣ እሱ የእኛ አይደለም፣ የእነዚያ የድንበር ማዶዎቹ ቅጽ ነው አሉት። እኛ ስንጠይቅ ደግሞ የእርስዎ ሰዎች ቅጹ የማዶዎቹ ነው ይላሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ በአንድ አገር ውስጥ ሲሠራ አይቼ አውቃለሁ፤ ድንበር ተሻግሮ ሲሠራ ያየሁት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ትብብር ማለት ይህ ከሆነ በጣም ተባብራችኋል።

አራተኛ፣ መስኮቱ። ባለፈው ሰኞ እርስዎን ለማነጋገር ደጅ ጠንቼ ነበር። ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ከጠዋት እስከ ምሳ በእንግዳ መቀበያዎ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሥራ ሲፈታ ዓይኑ ሥራ ይፈልጋል። ከመስኮቱ ላይ ቅጠሏ ሰፋ ያለ፣ ጅማቷ ቀይ የሆነ፣ እዚህ አካባቢ አይቻት የማላውቃት አንዲት ተክል ተቀምጣለች። ተክሏ ታምራለች። እኔ ግን የተተከለችበትን ነበር የማየው። ጣሳ ናት። ሰው ልጁን በአረማመዱ ይለያል፣ እኔ ጣሳዬን በስፌቷ እለያለሁ። ብድግ ብዬ አዘነበልኳት፤ ከታች ለእህቴ ጣሳዎች ብቻ የማደርጋቸው ሦስት የብየዳ ጠብታዎች አሉ፣ ከጠብታዎቹም አጠገብ በምስማር የጫርኳት ቁጥር አለች። አሥራ ሦስት።

ክቡርነትዎ፣ ስለ ንብ ሊከራከሩኝ ይችላሉ፤ ስለ ቆርቆሮ ግን ባይሞክሩት ይሻላል። እሳት የገባ ጣሳ ይጠቁራል፣ ብየዳው ይቀልጣል፣ ታቹ ይወድቃል። ይህች ግን እንዳስረከብኳት ታበራለች። የሁለት አገር ባለሙያዎች በተገኙበት በእሳት ተቃጥላ ሳትጠቁር የወጣች ጣሳ ከሠራሁ፣ የጥበቤን ልክ እስከዛሬ ራሴም አላወቅሁትም ማለት ነው።

የመዝገብ ቤትዋ ሠራተኛ ተክሏን ሳይ አይተውኝ፣ ደስ ብሏቸው፣ ተክሏ ከማዶ የመጡት የልዑካኑ መሪ ለጽሕፈት ቤታችሁ ያበረከቷት ስጦታ መሆኗን አጫወቱኝ። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው በልብስ ሻንጣቸው ነው ያመጧት አሉኝ። ቅጠሏን ገልበጥ ባደርግ ከሥሩ እንደ ጥጥ ብናኝ የመሰሉ ነጫጭ ተባዮች ተደርድረዋል። የዕፅዋት ጤና ቅጿ የት እንዳለ በትሕትና ጠየቅኳቸው። «እንዴ፣ እንግዳ ይፈተሻል እንዴ?» አሉኝ። ጣሳዋስ ከየት መጣች ብላቸው፣ ከልዑካኑ ቁርስ የተረፈች ባዶ ጣሳ ናት፣ ታጥባ ነው አሉኝ፤ አክለውም፣ ፈጣሪ ያክብራቸው፣ «እንደዚያን ቀን ያለ ቁርስ በልቼ አላውቅም» አሉኝ። በደንብ ግን አልታጠበችም። በመስኮቱ ጠርዝ በኩል የገቡ ጉንዳኖች ተሰልፈው ወደ ጣሳዋ ክዳን መግጠሚያ ጠርዝ ይወጡ ነበር። እህቴ ጉንዳን ለስኳርም ይወጣልና እሱን እንደ ማስረጃ አትጻፍ ብላኛለች፤ ስለዚህ ጉንዳኖቹን አልጻፍኳቸውም።

እኔ ማንንም አልከሰስኩም። ጠረጠርኩ እንጂ። ማር የሚቆርጥ ጣቱን ይልሳል፤ ይህ ወንጀል አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። ለአህያ ማር አይጥማትም የሚለው የአባቶች ተረት በሁሉም ዘንድ እንደማይሠራ በዓይኔ ስላየሁም ደስ ብሎኛል። አሥራ ሁለትና አሥራ አራት ቁጥር ጣሳዎች የት እንደደረሱ አልጠይቅዎትም፤ ማዶ ያሉ መሥሪያ ቤቶች መስኮት ላይ ምን አበባ እንዳለ ዳቦ ጋጋሪው አይቶ ይነግረናል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይህ ማር በእርግጥ እንደ ደብዳቤዎ ከጥንብ የተገኘ ከሆነ፣ እርስዎና የሁለቱ አገሮች ሊቃውንት በአንድ ገበታ ተቀምጣችሁ ጥንብ በልታችኋል ማለት ነውና፣ ከላይ የቀመሱት እንዲስማማዎ የተመኘሁት ስለዚህ ነው። ሰኞ ዕለት ከስብሰባ ሲወጡ ግን አየሁዎት። ፊትዎ ወዝ አለው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጡ ነው የወረዱት። የመዝገብ ቤትዋም ጤነኛ ናቸው። ከዚያ ቁርስ ወዲህ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

እንግዲህ በአክብሮት ላስረዳዎት የምወደው ይህን ነው፤ የእህቴ ማር ተመርምሯል። እንደዚህ ያለ ምርመራ በየትኛውም ቤተ ሙከራ አልተደረገም፤ በብልቃጥ አይደለም፣ በሁለት አገር ባለሥልጣናት ሆድ ነው፣ ውጤቱም በደረጃው ላይ ወርዷል። የምንለምንዎ ይህንኑ ውጤት በወረቀት ላይ እንዲያሰፍሩልን፣ «በላን፣ ተስማማን» ብለው ከሥሩ እንዲፈርሙልን፣ ሠላሳ አምስቱን ጣሳ ከሐሙስ በፊት እንዲለቁልን፣ ለወደፊቱም ንብ ምን እንደሆነች የሚያውቅ አንድ ሰው ከሁለቱ አገር በአንዱ ተፈልጎ ቅጹን እንዲያነበው ብቻ ነው። ዳቦ ጋጋሪው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰልኝ በስኳር ውሃ እሠራለሁ ብሏል፤ አይፈረድበትም፣ ስኳር የጆሮ ቁጥር አይጠየቅም። እህቴ ደግሞ ማሬ ከተቃጠለ ከእንግዲህ የንብ ማጨሻ በእጄ አልይዝም፣ ቀፎዎቹን አናጢው ይውሰዳቸው ብላለች። እሷ የማትፈጽመውን አትናገርም፤ እሳቱ ዳር የዋለችበትን ቀን ነግሬዎታለሁ።

ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተኩል፣ የብየዳ ዕቃዬን ይዤ፣ ከበርዎ ፊት ለፊት፣ ከጨርቁ ሥር እገኛለሁ። ጣሳዎቹ በእርግጥ እሳት ሲገቡ ለማየት ነው። ከመጋዘን ሲወጡ ከሠላሳ አምስት ጎድለው ከተገኙም ማሩ በራሱ ሞቶ ነው የሚል እንዳይኖር እያንዳንዷን በቁጥሯ እጠራታለሁ።

የውሳኔዎን ክብደት፣ የቁርስዎን ቅለት እያደነቅሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ፣ ከመስኮትዎ ፊት ግን ቀና ብዬ እጅ የምነሳ፣
የአሥራ ሦስት ቁጥር ጣሳ ሠሪ፣
የንብ አርቢዋ ታናሽ ወንድም።

ግልባጭ፦
— ማዶ ላለው መሥሪያ ቤት (ደብዳቤው የእኛ አይደለም እንዲሉ)
— ለብስክሌት ጠጋኙ (ስቆ ስላልጠገበ)

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ያው ቅጽ እንደገና ይሞላ ተብላ አዲስ ወረቀት ተሰጥቷታል። ትናንት እኔ ሱቅ ተቀምጣ ሞልታ ጨርሳለች፤ እንደ ልማዷ አንድም ባዶ ቦታ አልተወችም፣ አንድም ውሸት አልጻፈችም። «የታረደበት ቀን» በሚለው ፊት «ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት» ብላለች። «የታረደበት ቄራ» በሚለው ፊት ደግሞ የጽሕፈት ቤትዎን ሙሉ ስም ጽፋለች።