በቁም ሳጥንዎ ውስጥ ባለው መመሪያ ስለ መቅናቴ

ለተከበሩ የልጆች ጥበቃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ በር አዲስ ቀለም የደመቀ፣ ዕድሜዎም ስብሰባዎችዎን ያህል የረዘመ እንዲሆን በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። እኔ የአረካ ሚኒባሶች ተሳፋሪ ከሚጠብቁበት ጥግ ራዲዮና ስልክ የምጠግን፣ ሙያዬን ፈትቶ በመግጠም፣ ንባቤን ደግሞ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ለክስ አይደለም፤ ቅናት ይዞኝ ነው። ቅናት ኃጢአት መሆኑን በየእሑዱ ስለምንማር ከነዝርዝሩ ልናዘዝ።

፩. መጀመሪያ የቀናሁት በመመሪያው ነው። ልጆችን በኢንተርኔት ከሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት ስለ መጠበቅ ለባለሙያዎችና ለቤተሰቦች ተብሎ የተዘጋጀው ያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በሁለት ቁልፍ ተዘግቶበት ይኖራል። ልየው ብል በማመልከቻ ብቻ እንደሚታይ፣ ማመልከቻውም ፊርማዎን እንደሚጠብቅ በትሕትና ተነገረኝ። እስከ ዛሬ አንድም እንግዳ ሰው ሊቀርበው፣ ሊያባብለው ወይም ፎቶ ሊጠይቀው አልቻለም። በሶዶ ከተማ እንዲህ ተጠብቆ የሚያድግ ልጅ አላውቅም።

፪. ቀጥሎ በባለሙያዎ በአቶ ጌታሁን ቀናሁ። ሦስት ቀን ሠልጥኖ ቦርሳና የምስክር ወረቀት ይዞ ሲመለስ፣ በዳጣ የበላውን ሥጋ እያወራልን ሳምንት ሙሉ ምራቃችንን አስዋጠን። የእህቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ይህን ማድረግ ያን ያህል ከባድ እንዳልሆነ አቶ ጌታሁን እንዲያይ ነው። የሌላ ከተማ ዘማሪት መስሎ ሦስት ወር ሲጽፍላት የከረመ ሰው ከልጅ የማይጠየቅ ፎቶ ጠየቃት። እምቢ ብላ ስልኳን ይዛ ወደ ሱቄ መጣች፤ እኔም የሠለጠነ ሰው አለን ብዬ በኩራት ወደ አቶ ጌታሁን ወሰድኳት። እሱም መልእክቱን አንብቦ ፊቱ ተለዋወጠና፣ እንዲህ ያለ ርኩሰት በልጅ ስልክ ላይ አይደር ብሎ ሁሉንም በገዛ ጣቱ አጠፋው። በማግሥቱ ፖሊስ ማስረጃ ሲጠይቀን ያቀረብነው እንደ ታጠበ ሳህን የጸዳ ስልክ ነበር። ስለ ፈጣኑ አገልግሎት እናመሰግናለን፤ ያ ሰው ራሱ ቢያመሰግን ደግሞ አይፈረድበትም።

የአቶ ጌታሁን ትጋት በዚህ አላበቃም። ረቡዕ በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነሥቶ፣ ስም ሳይጠራ፣ በብዙ ጥንቃቄ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለሆነች፣ በመዘምራን ውስጥ አልቶ ለምትዘምር፣ አጎቷ በአረካ መኪና ተራ ራዲዮ ለሚጠግን አንዲት እኅት እንድንጸልይ ርዕስ ሰጠን። ጉባኤው እያለቀሰ ጸለየ። እግዚአብሔር ልጅቱን ለመለየት አልተቸገረም፤ ሰፈሩም አልተቸገረም። እህቴ በሐፍረት የልጇን ስልክ ቀማቻት፤ ስለዚህ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የተቀጣችው የነገረችን ልጅ ብቻ ናት። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የመዘምራን ልብሷን አልለበሰችም፤ ጓደኞቿም አንድ ትምህርት ቀስመዋል፦ ዝም ማለት ይሻላል።

፫. ሦስተኛውን ለመጻፍ ዳር ዳር ስል ቆይቻለሁ። የቀናሁት በዚያ በክፉው ሰውዬ ነው። መልእክቱ ሳይጠፋ በፊት ሱቄ ውስጥ አንብቤው ነበር። በየቀኑ እንዴት ዋልሽ ይላታል። ሒሳብ እንደሚያስፈራት፣ አንድ ቀን ብቻዋን ሶሎ መዘመር እንደምትመኝ ያውቃል። እኔ በየቀኑ በሱቄ በር ስታልፍ የማያት አጎቷ፣ አንቺ ቀጭኔ፣ ስንተኛ ወጣሽ ብዬ ከማሾፍ በቀር ምን ጠይቄአት አውቃለሁ? እሱ ለተንኮል ያዋሳትን ጆሮ እኔ በፍቅር አልሰጠኋትም። ከሦስቱ ቅናቶቼ ያልለቀቀኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። መመሪያው ከእስር ይፈታልኝ፤ ሚኒባስ ለሚጠብቁ ወላጆች በወላይትኛ እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ፤ አንብቤ ስጨርስም ያለ ጭረት እመልሳለሁ። አቶ ጌታሁንም ቤታችን መጥቶ ጥፋቱ የራሱ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ለእህቴ ልጅ ይንገራት። ይህን ግን በማይክራፎን ሳይሆን ለእሷ ለብቻዋ።

ቁልፍዎ እንዳይጠፋ፣ የቁም ሳጥንዎም ማጠፊያ እንዳይዝግ ዘወትር የምመኝ፣ ከትሑታን ሁሉ ትሑት የሆንኩ፣ በጸሎት ርዕስ ከታወጅኩ ወዲህ ስሜን መጻፍ የማያስፈልገኝ

ራዲዮ ጠጋኙ አጎት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ አንብባ፣ ሁለት ቦታ አርማ፣ ይውጣ ብላ ፈቅዳልኛለች። ትናንት ደግሞ እሷው ራሷ አንዲት ሌላ ልጅ እጇን ይዛ ሱቄ አመጣችልኝ፤ የሚጽፍላት ያው ሰው ነው። ምንም አላጠፋንም። ይህችን ያህል እንድጽፍ ልጅቱ ፈቅዳለች፤ አብረናት ሄደን ለወላጆቿ እስክንነግር ድረስ ግን የማን ልጅ እንደሆነች ለማንም አልናገርም። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ከሥራ ወደ ቤትዎ ሲገቡ፣ የእኔ ልጅ ትሆን እንዴ ብለው ስልክ ለመቀማት እጅዎ ቢነሣ መልሱት፤ መጀመሪያ እንዴት ዋልሽ ይበሏት።