የቴክሳስን ዝናብ ይጠይቁ የነበሩት ወይዘሮ ኦርሊና ቮስ (1842–1913)

ወይዘሮ ኦርሊና ቮስ ከአባታቸው ከአቶ ኢሻም ታኬትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኬዚያ ረድ፣ በአላባማ፣ በሃርልስተን ወረዳ፣ ኔትል ወንዝ ዳር በመጋቢት ወር 1842 ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት የሚከፈተው ጥጥ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ስለነበር፣ ፊደል የቆጠሩት በብርዱ ወራት፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ነው። ትምህርታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብና ስማቸውን ለመጻፍ በቅቷቸዋል። ከዚያ በላይ ለመማር ቢመኙም እናታቸው ሲታመሙ ቤቱን የያዙት እሳቸው ናቸው።

በ1860 የዚያው አገር ሰው የሆኑትን አቶ ሊያንደር ቮስን አገቡ። አቶ ሊያንደር ቁመተ ረጅም፣ ሳቃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ፣ ቫዮሊን የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። ገና ጎጇቸው ሳይሞቅ የሰሜንና የደቡቡ ጦርነት ወሰዳቸውና በ1865 በእግራቸው ተመለሱ። በትዳራቸውም ወንድ ልጃቸውን ኤልበርትንና ሴት ልጃቸውን ሱዛናን ወለዱ። ሱዛና በልጅነቷ በንዳድ አርፋለች።

በእነዚያ ዓመታት በወረዳችን ወንዱ ሁሉ ሽጉጡን ታጥቆ ወፍጮ ቤት፣ ሽጉጡን ታጥቆ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። በአጥር፣ በውሻ፣ በአንዲት ክፉ ቃል ሰው ይሞታል። ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የሟች ወንድሞች ይጨርሱታል። ከባርነት የወጡት ጥቁሮች ሲገደሉማ የወረዳው ሕግ አስከባሪ ሸሪፉ ፈረሱን እንኳ አይጭንም ነበር። ይህን ማለት የሚያስፈልገው የወይዘሮ ኦርሊና ሕይወት ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

አቶ ጃስፐር ኩልፔፐርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎቪና ከወንዙ ማዶ ጎረቤት ነበሩ። የቮስን ቤት ጣሪያ የመቱት አቶ ጃስፐር፣ የኩልፔፐርን ጎተራ ያቆሙት አቶ ሊያንደር ናቸው። በነሐሴ ወር 1871 አቶ ጃስፐር አንዲት እናት አሳማ ጠፋችባቸው። አሳማ ሁሉ ጫካ ተለቆ ስለሚያድር ባለቤቱ የሚታወቀው በጆሮው ላይ በተቀደደው ምልክት ነው። አንድ ወሬኛ፣ ሊያንደር ምልክቱን አጥፍቶ የራሱን ቀደደበት ብሎ ነገራቸው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወፍጮ ቤቱ በር ተገናኙ። አቶ ጃስፐር ሌባ አሉ፤ ጩቤም መዘዙ። አቶ ሊያንደር ተኮሱ። አቶ ጃስፐር እዚያው፣ የበቆሎ ከረጢቶቹ ላይ ወደቁ፤ ነፍሳቸው ለመውጣት ጊዜ አልፈጀባትም።

አሳማዋ ከሳምንታት በኋላ ግልገሎቿን አስከትላ ከሸምበቆው ውስጥ ወጣች። የጆሮዋን ምልክት የነካው አልነበረም።

ወይዘሮ ኦርሊና ያን ቀን ልብስ ሲያጥቡ ነበር። ባላቸው በቅሎዋን እያስሮጡ ደርሰው ሳይወርዱ፣ ጃስፐርን መግደላቸውን ነገሯቸው። ወይዘሮ ኦርሊና የበቆሎ ዳቦና የጨው ሥጋ በጨርቅ ቋጥረው ሰጧቸው። ስለ ሌላ ነገር ለመነጋገር ፋታ አልነበረም። አቶ ሊያንደር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቴክሳስ ወጡ። የሟች ወንድም አቶ ሳይለስ ኩልፔፐር ሲደርሱ ያገኙት ሁለት ሕፃናትንና ሴቲቱን ብቻ ነው።

በ1873 ሰዓት እየጠገነ የሚዞር አንድ ሰው ወደ ቤታቸው ጎራ አለና ማንም እንዳይሰማ አድርጎ መልእክት ነገራቸው። ባለቤታቸው ብራዞስ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ጆን ሚልስ ተብለው ይኖራሉ፤ ቤት ሠርተዋል፤ ልጆቹን ይዛ ትምጣ ብለዋል። ወይዘሮ ኦርሊና ደስታቸው ከፊታቸው እንዳይነበብ ወደ ጓዳ ገቡ። በሳምንቱ ጋሪው ተጫነ።

ሊነሡ ባሉበት ጠዋት ወይዘሮ ሎቪና ኩልፔፐር ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወንዙን ተሻግረው መጡ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም ነበር።

«ሳይለስ ፈረሱን ቀልቦ ተቀምጧል» አሉ ወይዘሮ ሎቪና። «ጋሪሽ ከግቢ ሲወጣ ሊከተልሽ ነው። ባልሽ ያለበትን የምታሳዪው አንቺው ነሽ።»

ወይዘሮ ኦርሊና ይህን ለምን እንደነገሯቸው ጠየቁ።

«አንድ ሬሳ አጥቤያለሁ፤ ይበቃኛል። ይቅር ብዬዋለሁ ማለት ግን አይደለም።»

ወይዘሮ ኦርሊና ጋሪውን ያን ጠዋት አራገፉት። ገና ከወረዳው ያልወጣው ሰዓት ጠጋኙ ወሬው ከአፉ ያመልጠዋል ብለው ስለፈሩ ምክንያቱን አልነገሩትም። አልመጣም ብላለች በልልኝ ብቻ አሉት። ሰውየውም እንዳሉት አድርሷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በአንድ ገጽ መጻፍ ከባድ ነው። ጥጥ ዘሩ፣ ለቀሙ፣ ልጃቸውን ኤልበርትን ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ፍርድ ቤት ሄደሽ ትዳርሽን አፍርሺ፣ ገና ወጣት ነሽ የሚሉ ነበሩ። እንዲያውም አንድ ጥሩ ሰው ጠይቋቸው ነበር። ባል አለኝ ብለው መለሱ። ባልሽ የት አለ ሲባሉ ግን ወደ ሥራቸው ይዞሩ ነበር። አንዳንዱ ልቧ ደንዳና ነው፣ ነፍሰ ገዳይ ስለሆነ ተጸይፋው ቀረች ይል ነበር። እሳቸውም ይህን ወሬ አላስተባበሉም፤ ለባላቸው የሚበጀው እሱ ነበርና።

ከቴክሳስ የመጣ ሰው በአካባቢው አለ ሲባል ግን ሥራቸውን ጥለው ይሄዱ ነበር። ስለ ሰው መጠየቅ አይችሉም። ስለዚህ ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ። ዘንድሮ ዘነበ ወይ? በብራዞስ በኩልስ? በቆሎው ያዘ? ሰዎቹ የአንዲት የአላባማ ገበሬ ሚስት የቴክሳስ ዝናብ ምን አገባት እያሉ ይስቁ ነበር። ደህና ዘንቧል የተባሉ ጊዜ ለቀናት ፊታቸው ይፈካል። በ1886 በዚያ አገር ድርቅ ገባ ሲባል፣ የራሳቸው ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እህል ከአፋቸው አልገባ አለ። ወይዘሮ ሎቪና ናቸው ሾርባ ይዘው መጥተው በግድ ያጠጧቸው። ሁለቱ ሴቶች በዚያን ጊዜ አንዷ ሌላዋን የምታስታምም፣ የሌላዋን ላም የምታልብ ሆነው ነበር። ስለ ባሎቻቸው ግን አያነሡም።

በ1896 መከር ላይ አቶ ሳይለስ ኩልፔፐርም ከዚህ ጋር በማይገናኝ ጠብ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ በጥይት ተመትተው ሞቱ። በማግስቱ ወይዘሮ ሎቪና የሐዘን ልብሳቸውን እንደለበሱ ወንዙን ተሻገሩ።

«ሳይለስን ቀበርነው» አሉ። «እንግዲህ ማንም አይከተልሽም። ሂጂ።»

ወይዘሮ ኦርሊና ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ተሳፈሩ። ከባቡር ወርደው፣ በጋሪም በእግርም ተጉዘው፣ እየጠየቁ የጆን ሚልስ ቤት ደረሱ። በሩን የከፈተችላቸው ለግላጋ ወጣት ነበረች። ግንባሯ የአቶ ሊያንደር ግንባር ነበር።

«ኦርሊና እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው። «አባባ ‹ኦርሊና የምትባል ሴት ከመጣች አልጋሽን ልቀቂላት› ብሎኛል።»

አቶ ሊያንደር በዚያው ዓመት በጸደይ ወራት ጉድጓድ ሲቆፍሩ አፈር ተደርምሶባቸው ሞተዋል። ወጣቷ ማርዛ፣ ዴልፊ ከተባሉ ሴት የወለዷት ልጃቸው ስትሆን፣ እናቷም በወሊድ ነው ያረፉት። ወይዘሮ ኦርሊና ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ቆመው ሰሙ። አላለቀሱም። ከሁሉ የከበዳቸው ማርዛ ከዚያ ቀጥላ የነገረቻቸው ነው። አባቷ እስከ መጨረሻው፣ ኦርሊና ይቅር አላለችኝም፣ እውነቷን ነው ይሉ ነበር።

ወደ መቃብሩ ወሰደቻቸው። እንጨቱ ላይ ጆን ሚልስ ተብሎ ተጽፏል። ወይዘሮ ኦርሊና መሬት ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማርዛ ራቅ ብላ ዛፍ ሥር ብትቆምም ትሰማቸው ነበር።

«እምቢ ብዬ አይደለም፣ ሊያንደር» አሉ። «ጋሪው ተጭኖ ነበር። ልጆቹ ጫማቸውን አድርገው ነበር። ሳይለስ ከኋላዬ ሊመጣ ነው ሲሉኝ ነው ያወረድኩት። ያን ቀን ብነሣ እኔ ነበርኩ የምገድልህ። ሰማኸኝ?»

ፀሐይ እስክትጠልቅ የቤቱን ነገር አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ የሱዛናን ሞት፣ የኤልበርትን ሠርግ፣ አሳማዋ መገኘቷንም። ከመመለሳቸው በፊት አናጢ አስጠርተው ሊያንደር ቮስ የሚል እንጨት አስተከሉ።

ማርዛንም አብራቸው እንድትመጣ ጠየቋት። በባቡር ውስጥ፣ ያለ እናት ስታድግ ምግብ ማን ይሠራ እንደነበር ጠየቋት። አባባ ነው፣ እያሳረረ ብላ ስትመልስላቸው ሳቁ፤ ያ ሳቅ ነው ወደ ልቅሶ የተቀየረው። ማርዛ ትከሻቸውን ይዛ ቆየች። በሃርልስተን ልጄ ናት ብለው አስተዋወቋት፤ አስተምረዋት ዛሬ የወረዳው ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ይህንንም ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት።

ወይዘሮ ኦርሊና ካለፈው ገና ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸው ነበር፤ በየካቲት ግን ተሽሏቸው ወደ ጓሯቸው ወጥተዋል። ሚያዝያ 9 ቀን 1913 ከሰዓት በኋላ ከወይዘሮ ሎቪና ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዘር እየለቀሙ ሳለ በድንገት አረፉ። ወይዘሮ ሎቪና ወሬያቸውን ቀጥለው ነበር፤ የምትሰማኝ መስሎኝ ነው ይላሉ።

ወይዘሮ ኦርሊና ልጃቸውን አቶ ኤልበርት ቮስን፣ ልጃቸውን ወይዘሪት ማርዛ ቮስን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር በፊት ወንበር የተቀመጡትን እህታቸውን ወይዘሮ ሎቪና ኩልፔፐርን ትተው አልፈዋል።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ከባለቤታቸውም ያገናኛቸው። የሚነጋገሩት ብዙ ነውና ማንም አያቋርጣቸው። አሜን።