ቡና ተው እንጂ ሻይ ተው መቼ ተባልኩ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ ዓለም? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? ብርዱ ይከፋል ስላልሽኝ ሹራብሽን ሳትደርቢ እንዳትወጪ። እኔ ደህና ነኝ። ይሄን «ደህና ነኝ» የደብዳቤ ወግ ነው ብለሽ እንዳታልፊው፤ የዛሬው የእውነት ነው፣ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

ትናንት በደረሰኝ ደብዳቤ፣ ሰኞ የማቋረጫውን ቅጽ ሞልቼ፣ ትምህርቱን ትቼ፣ መጥቼ አስታምምሃለሁ ብለሻል። ልጄ በሞቴ፣ ቅጹን እንዳትነኪው! ለመመረቅ አንድ መንፈቅ ቀርቶሽ? ይሄን ወረቀት በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ የላክሁት ከሰኞ በፊት እንዲደርስሽ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ይሄ ጆሮዬ ግማሹን ይበላዋል፤ ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር በአፌ የምናገርበት ፊት የለኝም።

ልቤ እንደ ፈረስ ሲጋልብ፣ እጄም ሲንቀጠቀጥ፣ ሐኪሟ ቡና ተው ያለችኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል አይደል? ያኔ ምላጭ ሳነሳ ደንበኞቼ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ በመስታወቱ አያቸው ነበር። አንዱማ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ፣ የቀረውን ቤቴ እጨርሰዋለሁ ብሎ ወጣ።

ቡናውን በአንድ ቀን ቆረጥኩት፤ ወንድ አይደለሁ! በማግስቱ ራሴን ለሁለት ሊከፍለው የደረሰ ራስ ምታት ያዘኝ። ለእሱ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ገዛሁ። ድካሙ ሲጠናብኝ ሻይ ጨመርኩ፣ ያውም ጠቆር ያለ። ከሰዓት በኋላ መቀሱን እንደያዝኩ ማንጎላጀት ስጀምር ደግሞ ያንን ጥቁሩን ለስላሳ። ቡና ተው አለችኝ እንጂ ሻይ ተው መቼ አለችኝ? ልቤ ግን ይባስ ብሎ ይደልቃል። እኔም ዕድሌን አማረርኩ፣ ላንቺም ጻፍኩልሽ።

ሐኪሟ መድኃኒት ልትጨምርልኝ ጫፍ ደርሳ፣ ለማንኛውም ብላ ከጠዋት ጀምሮ አፌ የገባውን ሁሉ እንድቆጥርላት ጠየቀችኝ። በኩራት ቆጠርኩላት፤ ቡና የሚባል የለም፣ ሻይ ስምንት ብርጭቆ፣ ለስላሳ ሦስት ጠርሙስ፣ ኪኒን ሁለት ፍሬ። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች፣ ሳቀችና፣ አባባ ቡናውን ነው የተዉት ወይስ ስሙን አለችኝ። ያ ካፌይን የሚሉት ነገር ለካ ሻዩም ውስጥ አለ፣ ጥቁሩ ለስላሳም ውስጥ አለ። ጉድ በይ፣ እኔ የገዛሁት ኪኒን ውስጥም አለ! ራስ ምታቱም የመጣው ቡናውን በአንዴ በመቁረጤ ነው፤ ቀስ እያልኩ መቀነስ ነበረብኝ። አንዱን ሌባ አባርሬ ሦስት ወንድሞቹን እራት ጋብዣለሁ።

እንዳዘዘችኝ በየሦስት ቀኑ አንድ ብርጭቆ እየቀነስኩ፣ ለስላሳውን በውኃ ተክቼ፣ ኪኒኑንም ጥዬ፣ ልቤ አደብ ገዛ። እጄም ረጋ። አሁን ጠዋት አንድ ብርጭቆ ቀጭን ሻይ እጠጣለሁ፣ እሱንም አስፈቅጄ። አንቺም ለፈተና እነቃለሁ ብለሽ በጣሳ የሚሸጠውን ኃይል ሰጪ ነው የሚሉትን መጠጥ አታብዢ፤ እሱማ የሁሉም አለቃ ነው አሉ።

ይሄ ሁሉ የሆነው መቼ መሰለሽ? ከአራት ወር በፊት ነው።

አዎ፣ አራት ወር። ከዚያ ወዲህ ዛሬም ሲደልቅ ዋለ፣ ዛሬም አላስቀመጠኝም እያልኩ የጻፍኩልሽ በሙሉ ውሸት ነው። የዕረፍት ሳምንትሽን ሠውተሽ መጥተሽ፣ እጅሽን ደረቴ ላይ አድርገሽ አባዬ ይሮጣል እኮ ብለሽ ዓይንሽ እንባ ሲሞላም ደህና ነበርኩ። ያን ቀን የሮጠው አንቺን አይቶ ነው።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋም ጠይቃኝ መቀሴን ስስል ዋልኩ። በፊት ደብዳቤሽ የሚመጣው በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነበር፤ እሱም ፈተና አለብኝ፣ ይቅርታ፣ ቻው ነው። አልፈርድብሽም፣ ወጣት ነሽ። ልቤን አመመኝ ካልኩሽ ወዲህ ግን አርብ አርብ ይደርሰኛል፤ ምን በላህ፣ ምን ጠጣህ፣ እንዴት አደርክ ትይኛለሽ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ምን በላህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። ልብስ ሰፊዋማ አንተ ሰውዬ አታፍርም ወይ ብላኛለች፤ አፍሬያለሁ። ብቻ ሰኞ ደብተርሽን ይዘሽ ክፍልሽ ግቢ። በእኔ ውሸት ትምህርትሽ ከተቋረጠ ያኔ ነው በእውነት የምታመመው።

ያሰብሽው ይሳካልሽ፣ የወጣሽበት መንገድ ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ያንን ጥቁር ካባ ለብሰሽ ለማየት ዕድሜ ይስጠኝ። ጤነኛ ነኝ ብዬሻለሁ፣ ምስክሬም ሐኪሟ ናት። ቢሆንም፣ ካላስቸገርኩሽ፣ ለታማሚ እንደሚጻፈው ጻፊልኝ።

ውሸታሙ አባትሽ