እሑድ ቡሬ እንዳትመጣ

ኅዳር 17 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሰብሊ ከባምላኩ ቤት ወጥታለች።

ውድ ወንድሜ ክንዱ፣

ልጅህ እኔ ዘንድ ናት። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደብተሯን እንዳቀፈች መጥታ በሬ ላይ ቆመች።

«አክስቴ፣ ዛሬ እዚህ ልደር?»

«አባትሽ ይቆጣል።»

«ይቆጣ።»

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባቷን እንዲህ ካለች ከቁጣህ የከፋ ነገር አይታለች። አስገባኋት። ገና ሳትቀመጥ ነገረችኝ። ባምላኩ ደፍሯታል፤ ያውም ደጋግሞ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የቀረውን ለመናገርም ላለመናገርም መብቱ የሷ ነው።

ለሰባተኛ ክፍል ቡሬ ስታመጣት እኔ ዘንድ ትቀመጥ ብዬህ ነበር። «እታለም፣ ሰካራም የሚገባበት ጠላ ቤት ልጄን አላሳድርም» አልከኝ። ክፍል ተከራይታ ብቻዋን እንዳትኖርም ፈራህ። ስለዚህ የሚከበር ሰው ብለህ ባምላኩን መርጠህ የጡት አባት አደረግህላት፤ ቤቱም አስቀመጥካት። ማሩ ከራስህ ቀፎ የተቆረጠ ነበር። እንደ ልማዳችን አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባት፤ አባት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት በሩ ሲዘጋ ቢያይ «አባቷ ነው» አለ። መምህሯ ለምን ከሳች ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሰጠው እሱ ነው። አንተ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ይዘህ ስትመጣ ምሳ ያበላህና ከጎንህ ይቀመጣል። ልጂቱ መቼ ትናገር? ወላጆቿ ሩቅ ያሉ ልጅ አንተ እስክትመለስ ድረስ በእጁ ናት። ይህን ከሁላችን ቀድሞ ያሰበው እሱ ነው።

ልወቅስህ ጊዜ የለኝም። ትናንት ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኳት። ቃሏን ሰጠች። ሰኞ ፍኖተ ሰላም ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንቀርባለን። ወሬው ቀድሞን ኖሮ ስንመለስ ሽማግሌው አቶ እጅጉ በሬ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አልጣሽ፣ የአባትና የልጅ ነገር በቤት ያልቃል። እሑድ ክንዱን አስጠርተናል። ልጂቱም ትምጣና የባምላኩን ጉልበት ትሳም፤ እርቅ ይውረድ። አንቺ ጠላሽን ጥመቂ።»

«እጠምቃለሁ እንጂ። እርስዎስ ሲጠጡት አይደል የኖሩት?»

«ኧረ ስሟ ይጠፋል፣ አንቺ ሴት!»

«የባምላኩ ይጥፋ። የሷ ምን አደረገ?»

ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

እሑድ አትምጣ። እርቁ ላይ ከተቀመጥክ ሰኞ ልጂቱ እውነቷን የምትናገረው ከገዛ አባቷ ጋር ተቃርና ነው። ሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ና። ንግሥቴንም ይዘሃት ና፤ እናቷን ትፈልጋለች። ምንም እንድትናገር አይጠበቅብህም። ከጎኗ ቁም። ባትመጣም እኔ እቆማለሁ፤ ወደ ኋላ አልልም።

ይህን የምጽፍልህ የጠላ ብቅል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ተራ እየጠበቅሁ ነው። ጎረቤትህ ሸጋዬ ከገበያ ሲመለስ ያደርስልሃል። ሰብሊን ጠዋት ጎረቤቴ ዘይቱና ሱቅ አስቀምጫት ነበር፤ «እኔ ዘንድማ ማንም አይፈልጋትም» ብላ ወሰደቻት። አሁን ዘይቱና ራሷ እያለከለከች መጣች። ሽማግሌዎቹ እሑድን ሳይጠብቁ ልጂቱን ሊወስዱ ደጄ ደርሰዋል። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ መኪና መናኸሪያ እየጫነ ነው፤ ሰብሊን ከሱቁ ወስጄ እንሳፈራለን፤ ሰኞን እዚያው እንጠብቃለን።

ባለ ወፍጮው ተራሽ ደረሰ እያለ ይጠራኛል። ብቅሉ እዚሁ ይቅር። ወጣሁ።

እህትህ አልጣሽ